ሰውነቴን ብቀበል ጤናዬን ካድኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ዕድሜዬ 31፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 92 ኪሎ ነው። ደሴ እናቴ ጋ ስሄድ ‹እሰይ፣ ሥጋ ለብሰሽ አምሮብሻል› ትለኛለች። ስልኬን ስከፍት አንዱ ‹ሰውነትሽን እንዳለ ውደጂው፣ ውፍረት በሽታ አይደለም› ይላል። ሌላው ‹ራሳችሁን እየገደላችሁ ነው› ይላል። በቀደም አንዲት ወፍራም ልጅ ስትጨፍር የለቀቀችው ቪዲዮ ሥር የተጻፈውን አንብቤ አለቀስኩ። ጆሮዬን አሞኝ ለምርመራ ስሄድም ‹መጀመሪያ ክብደትሽን ቀንሺ› ተብዬ ተመለስኩ። ማንን ልመን? ራሴን ብቀበል ጤናዬን ካድኩ ማለት ነው? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ አልካድሽም። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፤ ከጻፍሽው ሁሉ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ መሰለኝ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ እየወረድኩ በሁለቱ ከተሞች የምሠራ። በየቀኑ ስኳርና ደም ግፊት አያለሁ። ስለዚህ ስብ በሰው ላይ የሚያደርሰውን አሳንሼ አልነግርሽም። ስድብ በሰው ላይ የሚያደርሰውንም አይቻለሁ፤ እሱንም አላሳንስም።

ስልክሽ ላይ የሚጨቃጨቁት ሰዎች አንድ ጉዳይ የያዙ ይመስላሉ። ረጋ ብለሽ ብታዳምጫቸው ሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው፣ ወፍራም ሰው እንዴት ይያዝ የሚል ነው። ይሰደብ? ሥራ ይከልከል? ታክሲ ውስጥ «የሁለት ሰው ክፈይ» ይባል? ሁለተኛው፣ ስብ ሲጠራቀም ውስጣችን ምን ያደርጋል የሚል ነው። የመጀመሪያውን ለመመለስ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሰው መሆን ይበቃል። ለሁለተኛው ሜትርና ላብራቶሪ ያስፈልጋል፤ ጭብጨባም ስድብም ውጤቱን አይለውጠውም። ጠቡ የሚከረው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። «ክብር ይገባኛልና ምንም አይነካኝም» የሚል አለ። «በሽታ ሊይዝሽ ይችላልና ልስደብሽ» የሚልም አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስህተት ግን ይብሳል፤ ዱላው የሚያርፈው ሌላ ሰው ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ክርክር ትናንት በቲክቶክ የተጀመረ ይመስለዋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኒው ዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 500 የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው የማቅጠኛ መጻሕፍት አቃጠሉ፣ አይስክሬም በሉ። «ተዉን» ማለታቸው ነበር። በ1969 ቢል ፋብሬ የተባለ መሐንዲስ፣ ወፍራም ሚስቱ ላይ የሚደርሰው ንቀት አንገብግቦት፣ ለወፍራም ሰዎች መብት የሚቆመውን ናፋ የሚባል ማኅበር መሠረተ። በ1973 ደግሞ ሎስ አንጀለስ የነበሩ ሴቶች የአቋም መግለጫ አወጡ። መግለጫው የሚጀምረው ወፍራም ሰዎች ሙሉ ሰብዓዊ ክብር ይገባቸዋል ብሎ ነው። የማቅጠኛ ንግዱንም በግልጽ አውግዟል። የእነዚህ ሰዎች ወሬ የፎቶና የመዋኛ ልብስ ወሬ አልነበረም። ስለ ሥራ፣ ስለ ወንበር ስፋት፣ ስለ ሐኪም አያያዝ ነበር። ሚሺጋን የተባለው የአሜሪካ ግዛት በ1976 ሰውን በክብደቱ ምክንያት ማግለልን በሕግ ከለከለ። ኒው ዮርክ ከተማ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው ገና በ2023 ነው።

«ቦዲ ፖዘቲቪቲ»፣ ማለትም ሰውነትን እንዳለ መውደድ፣ የሚለው ለስለስ ያለ ስም የመጣው ኋላ ነው። ኩባንያዎች ወደዱት፤ ሳሙናም ጡት መያዣም ተሸጠበት። ቀስ በቀስ ፎቶው ላይ የሚታዩት ትንሽ ሞላ ያሉ ቆንጆዎች ሆኑ። መንገዱን የጠረጉት በጣም ወፍራም ሴቶች ከሥዕሉ ወጡ። ከዚያ ኦዘምፒክ የሚባለው፣ ለስኳር ተሠርቶ ክብደትም የሚቀንሰው መርፌ መጣ። «ራሳችሁን ውደዱ» ሲሉ የነበሩ አንዳንድ ታዋቂዎች ቀጥነው ብቅ አሉ፣ ተከታዮቻቸው ተከዳን አሉ። ዛሬ የምታዪው ቁጣ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። እኛ ጋ የደረሰው ከነታሪኩ ሳይሆን በሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ተቆራርጦ ስለሆነ፣ ማን ምን ጠይቆ እንደነበረ ጠፍቶብናል።

እኔ ከዚያ ሁሉ የሚነካኝ የሐኪም አያያዝ የሚለው ነው። ስለ አክስቴ ልንገርሽ።

ቤቷ ደሴ፣ ከአይጠየፍ አዳራሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ደልደል ያለች፣ ሳቂታ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ቡና የምታፈላ ሴት። አንድ ቀን ራሷን ሲያማት ሐኪም ቤት ሄደች፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ሚዛን ላይ ስትወጣ የሚመዝነው ባለሙያ ኪሎዋን ጮክ ብሎ ተናገረ። ቀጥሎ «እማማ፣ ሚዛናችንን እንዳይሰብሩት» አላት። ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሐኪም ቤት አልረገጠችም። ራሷን ሲያማት ማስታገሻ ታስገዛለች። ውሃ ጥም ሲበዛባት «ሙቀቱ ነው» ትላለች፤ ደሴ ላይ ደግሞ ምን ሙቀት አለ!

እኔ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ለዕረፍት ስመጣ እግሯን ደብቃ አገኘኋት። መርገጫዋ ላይ ቁስል ነበር። «ምስማር ወግቶኝ ነው፣ ሁለት ወር ሆነው፣ አላመመኝም» አለችኝ። አላመመኝም ያለችው ነገር ነው ያስደነገጠኝ፤ ነርቩ ሞቶ ነበር። ስኳሯን ስናስለካ ከ400 አልፏል። ሁለት የእግር ጣቶቿን አጣች። ኋላም ዓይኗ ደከመ።

አክስቴን ስኳር የያዛት ወፍራም ስለነበረች ነው? ውፍረቱ ድርሻ አለው፤ አልክድም። ስድስት ዓመት ሳትታከም ያስቀራት ግን ውፍረቱ አልነበረም፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በየጊዜው ተለክታ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒትና በምክር ጣቶቿ ይተርፉ ነበር። ስለዚህ ቪዲዮ ሥር «ለጤናችሁ ብለን እኮ ነው» የሚሉ ሰዎችን ሳይ አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችበት ቀን ይመጣብኛል። ንጉሥ ሚካኤል ያን የግብር አዳራሽ ሲያሠሩ ስሙ አይጠየፍ ተባለ፤ ትልቁም ትንሹም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ። ከእሱ ቁልቁል የኖረች ሴት ሐኪም ቤት ሄዳ ተጠየፏት።

አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። የደንበኛሽን ወገብ ስትለኪ ቁጥሩን ለሰፈር ታውጂያለሽ? አታውጂም። ደብተርሽ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ልብሱን በልኳ ትሰፊላታለሽ። ቁጥሩን አትዋሺም፤ ከዋሸሽ ልብሱ አይገባትም። አታዋርጃትም፤ ካዋረድሻት ተመልሳ አትመጣም። እኔ ከሕክምና ባለሙያ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ማዋረድ እንደማይጠቅም ደግሞ ከእኔ ስሜት አልፎ የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ከ6 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለአራት ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት አለ። መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ ወፍራም ካልነበሩት መካከል በክብደታቸው ምክንያት የተገለሉት፣ ካልተገለሉት ይልቅ በኋላ ወፍረው የመገኘት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የተሰደበ ሰው ይጨነቃል። ሲጨነቅ ይበላል። ሰው ፊት ስፖርት መሥራት ያፍራል። ሐኪም ይሸሻል። በ2020 ከተለያዩ አገሮች የመጡ የሕክምና ማኅበራት በጋራ ሆነው ወፍራም ሰዎችን ማዋረድ ጤናንም መብትንም እንደሚጎዳ በጽሑፍ አውጥተዋል። ስለዚህ ስድብ መራራ መድኃኒት ነው የሚልሽ ካለ፣ መድኃኒቱ ተሞክሮ በሽታውን እንዳባሰ ንገሪው።

ያቺ ስትጨፍር ያየሻት ልጅም የሕክምና ካርዷን ለማንም አላሳየችም። ጨፈረች እንጂ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሠርግ ላይ ሲጨፍር «ሳንባህስ?» ብሎ የሚጮህ አላየሁም። ለወፍራም ሰው ብቻ የሚመጣ ጭንቀት ስለ ጤና ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

አሁን ስለ እናትሽ። እናትሽ «ሥጋ ለብሰሽ» ስትልሽ ስለ ፋሽን እያወራች አይደለም። ወሎ የ1966ን ረሃብ ያየ፣ የ1977ን ያየ አገር ነው። ያን ጊዜ ልጅ የነበረች ሴት ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው የጉንጭሽን ሙላት ነው። በኋላ ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን «ከስታለች» ማለት ብቻውን ሐሜት ነበር። ውፍረት ለኛ ለረጅም ጊዜ «ደኅና ናት፣ ጠግባ አድራለች» የሚል ወሬ ነጋሪ ሆኖ ኖሯል። አሁንም ረሃቡ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። በ2000 ወፍራሞቹ ከመቶ 3 ነበሩ። የከሱትም የወፈሩትም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ አሉ። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣውን ክርክር እንዳለ ስንለብሰው አይገጥመንም። እዚህ ቀጭኗም ትሰደባለች። «ሸንበቆ»፣ «ነፋስ እንዳይወስድሽ» እየተባለች ያደገች ልጅ አክሜ አውቃለሁ፤ የሰውነት ክብር ጥያቄ የእሷም ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የፊጂ ደሴት ትዝ ትለኛለች። ፊጂ እንደ እኛው ሞላ ያለ ሰውነት የሚወደስባት፣ እንግዳ «ብሉ፣ ብሉ» የሚባልባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ አውራጃዋ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ እንደገባና ከሦስት ዓመት በኋላ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠየቀች። በ1995 ለመቅጠን ብላ የምታስታውክ አንድም ልጅ አልነበረችም። በ1998 ከመቶ 11 ሆኑ። ሦስት ዓመት ብቻ! ያውም በቴሌቪዥን፤ ኪስ ውስጥ በሚገባ ስልክ አይደለም።

እኛ ጋ ምን እየሆነ እንዳለ ከምርመራ ክፍሌ አየዋለሁ። አንዱ የቴሌግራም ቻናል ላይ ማወፈሪያ እንክብልና የማቅጠኛ ሻይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል። ማወፈሪያ ተብሎ አፍሪካ ውስጥ በየቦታው የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም ሲፕሮሄፕታዲን ነው። ዴክሳሜታዞን ፊትን ያሳብጣል፣ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል። ከብዙ ጊዜ አወሳሰድ በኋላ በድንገት ሲቆም ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ይገኛልና። የማቅጠኛ ሻዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንጀት የሚያጥብ ቅጠል ነው። ኪሎው የሚቀንሰው ውሃ ስለወጣ ነው፤ ስትጠጪ ይመለሳል። በልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ከገበያ የወጣ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ተደብቆ የተገኘባቸው ማቅጠኛዎችም አሉ። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ለመቅጠን ብለው የሚቅሙ ልጆችም ወደኔ መጥተዋል፤ ከክብደታቸው በፊት እንቅልፋቸው ሄደ። ኦዘምፒክን ጨምሮ ከእነዚህ አንዱንም ከስልክ ላይ አትግዢ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዘምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እዚህ ላይ ደግሞ «ውፍረት ምንም አያመጣም» ከሚሉት ጋር እለያያለሁ። ስብ ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ይሠራል፣ መልእክት ይልካል። የት እንደተቀመጠም ትልቅ ልዩነት አለው። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ያለው በአብዛኛው ረጋ ያለ ነው። ሆድ ውስጥ አንጀትን ከብቦ የሚቀመጠው ግን ቅባቱን ወደ ጉበት ይለቃል። ጉበት በስብ ይሞላል። ኢንሱሊን፣ ስኳርን ወደ ሴሎች የሚያስገባው ሆርሞን፣ ሥራው ይከብደዋል። ቆሽት ለማካካስ አብዝታ ታመርታለች፤ አንድ ቀን ይደክማታል። ዓይነት ሁለት ስኳር የምንለው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። ደም ግፊት፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የጉልበት ሕመም፣ የአንዳንድ ካንሰሮች ዕድልም ይጨምራል።

«ምርመራዬ ጥሩ ነው፤ ጤነኛ ወፍራም ነኝ» የሚሉ አሉ። ዛሬ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገ የ20 ዓመት ክትትል ግን፣ መጀመሪያ ጤነኛ ከነበሩት ወፍራሞች ግማሽ ያህሉ በመጨረሻ ጤነኛ ሳይሆኑ መገኘታቸውን አሳይቷል። ግማሹ ደኅና ሆኖ ዘልቋል ብለሽም ልታነቢው ትችያለሽ። አንቺ ከየትኛው ግማሽ እንደሆንሽ የሚነግርሽ ግን መለካት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ክርክሩ ውስጥ «አትመዘኑ፣ አትመርመሩ፣ ሐኪም ጠላት ነው» የሚሉትን የምቃወማቸው። በአክስቴ ላይ የተፈጸመውን በገዛ ፈቃድሽ በራስሽ ላይ አድርጊው እንደማለት ነው።

ስለ ቁጥርሽ። ክብደትሽን በቁመትሽ ካሬ ሲያካፍሉት 34.6 ይመጣል፤ ቢኤምአይ የሚባለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 30ንና ከዚያ በላይ ያለውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል። ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው ኬትሌ የተባለ የቤልጂየም የሒሳብና የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ሕዝብን በጅምላ ሲያጠና እንጂ ሰው እያከመ አልነበረም። ቢኤምአይ የሚለውን ስም በ1972 የሰጠው አንሴል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ቀመሩ ጡንቻን ከስብ፣ ዳሌን ከሆድ አይለይም። ቀኑን ሙሉ ኩንታል የሚሸከም ጎረምሳና ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው አንድ ቁጥር ሊወጣላቸው ይችላል። በጥር 2025 አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ይህንኑ ተናግሯል። ቢኤምአይ ብቻውን አይበቃም፤ የወገብ ልክ ይጨመር፤ ውፍረቱ ጉዳት ያደረሰበትና ያላደረሰበት ሰው ይለይ ብሏል። ወፍራሞቹ ለዓመታት «ቁጥር ብቻ አትዩ» ሲሉ የነበረው በከፊል ትክክል ነበር ማለት ነው። ይህን ማመን ለእኛ ለሐኪሞች ውርደት አይደለም።

«ትንሽ ብይ፣ አለቀ» ለሚሉሽም መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዴንማርክ ውስጥ በማደጎ ባደጉ 540 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ክብደታቸው የሚመሳሰለው ካሳደጓቸው ሳይሆን ከወለዷቸው ጋር ሆኖ ተገኘ። ማዕዱ የአሳዳጊዎቻቸው፣ ሰውነቱ የወላጆቻቸው። በ1994 ደግሞ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ተገኘ። ስብ ራሱ ለአንጎል «ስንቅ አለ» ብሎ የሚልከው መልእክት ነው። ስትከሺ መልእክቱ ይቀንሳል፤ አንጎልሽ ረሃብ የገባ መስሎት ምግብ ፈልጊ ይልሻል፣ ጉልበትሽን ይቆጥባል። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ውድድር በፍጥነት የከሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። አብዛኛውን መልሰው ወፍረዋል። ሰውነታቸው ግን በቀን የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ ነበር። ይህን ሁሉ «ስንፍና» በሚል አንድ ቃል የሚዘጋ ሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ አልገባውም።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት ነው? አይደለም። እኔን የሚያበረታኝ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ነው። ስኳር ሊይዛቸው አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከክብደታቸው ከመቶ 7 እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ካልተረዱት በ58 ከመቶ ቀነሰ። ከመቶ 7 ላንቺ ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 92 የነበረው 85 ተኩል ይሆናል። በዚያ ክብደት ኮሜንት የሚጽፉት ሰዎች አሁንም ወፍራም ይሉሻል። ቆሽትሽ ግን ልዩነቱን ታውቀዋለች። ሸንቃጣ መሆን አይጠበቅብሽም።

አሁን ሜትርሽን አንሺ። ከታችኛው የጎን አጥንትሽና ከዳሌ አጥንትሽ ጫፍ መሐል፣ ትንፋሽሽን ሳትገፊ አውጥተሽ ለኪ። ለቀሚስ እንደምትለኪው አጥብቀሽ አትሳቢው። ወገብሽ ከቁመትሽ ግማሽ፣ ማለትም ከ81 ሴንቲ ሜትር ተኩል በታች ቢሆን ይመረጣል። ካለፈ አትደንግጪ፤ ደብተር ላይ ጻፊው። ቀጥሎ በባዶ ሆድ ስኳርሽን አስለኪ። በዲሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይረጋገጣል፤ ከ100 እስከ 125 ካረፈ አፋፉ ላይ ነሽ፤ ያ ጥናት ያንቺ ነው። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና የጉበት ምርመራም ጨምሪ። የወር አበባሽ ይዛባል? ታንኮራፊያለሽ? ጠዋት ደክሞሽ ትነሻለሽ? በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ? እነዚህን አልጻፍሽልኝም፤ ለሚያይሽ ሐኪም ሳይጠይቅሽም ንገሪው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። እንጀራ ጠላትሽ አይደለም። ሽሮም ጎመንም አይደሉም። ስፌት ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጦ በየሰዓቱ የሚመጣው ሻይ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ጋር፣ ከጎኑ ቦምቦሊኖ፣ ከሰዓት ለስላሳ። ከለስላሳው ጀምሪ። ከዚያ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፤ ምላስ ይለምዳል። ጾም የምትጾሚ ከሆነ ሲፈታ በተጠበሰ ነገር አትክፈቺው። ኮምቦልቻ ሳይሞቅ በማለዳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ በሳምንት አምስት ቀን ብታደርጊው 150 ደቂቃው ሞላ። ሰው ያየኛል ብለሽ ካፈርሽ ጓደኛ ይዘሽ ውጪ። መራመድ ለመክሳት ብቻ አይደለም። ኪሎሽ ባይነቃነቅ እንኳ ስኳርሽና ግፊትሽ ይሻሻላሉ።

እናትሽን ደግሞ አታርሚያት። «አምሮብሻል» ስትልሽ «እሰይ፣ እማ» በያት። በቃሉ ውስጥ ያለው ፍቅር እውነት ነው፤ እንደ ስኳር ምርመራ ውጤት ግን አትውሰጂው። ቢቻል ይዘሻት ሂጂና እሷም ትለካ። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከአንቺ ይልቅ ያስፈልጋታል።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮሽ። ስንት ጊዜ ሆነው? ፈሳሽ አለው? መስማትሽ ቀንሷል? ትኩሳትስ? የጆሮ ሕመም ከኪሎ ጋር አይገናኝም። ሳያዩሽ መመለሳቸው ስህተት ነው፤ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። ነገ ጠዋት ተመልሰሽ ሂጂ። ሚዛን ላይ ውጪ ቢሉሽ ውጪ፤ ከዚያ ግን «የመጣሁት ለጆሮዬ ነው፣ በመሣሪያ ይታይልኝ» በያቸው። እምቢ ካሉ ሌላ ቦታ ሂጂና ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።